ባሕር በቢጫ ጀሪካን

አንድ ድንኳን ሙሉ ለቀስተኛ ባሕር ያጠጣሁት ሰው እኔ ነኝ። እዚሁ ቆቦ።

አታምኑኝም፤ አውቃለሁ። እኔም ብሆን ሌላ ሰው ቢነግረኝ «ሂድ ወዲያ፣ ሙቀቱ ነው» ብዬ አባርረው ነበር። ቆቦንና ባሕርን ምን አገናኛቸው? እኛ ጋ እንኳን ባሕር፣ ቧንቧም በፈረቃ ነው የሚመጣው። ዞብል ላይ ወጥታችሁ ወደ ምሥራቅ ብታዩ የሚታያችሁ አፋር ነው፤ ከአፋር ወዲያም አፋር ነው፤ ባሕሩ እንግዲህ ከዚያም ወዲያ ነው። ቢሆንም እውነቴን ነው። ክርስቲያን እስላሙ፣ ትልቅ ትንሹ፣ ባሕሩን በሻይ፣ ባሕሩን በሽሮ፣ ባሕሩን በንፍሮ አድርጎ ቀምሶልኛል። ላውራችሁ። እኔ እንኳ ወገቤ ተቆርጧል፤ ግን ወሬ ላይ ስሆን ወገቤ ትንሽ ይረሳኛል።

ስለ ራሴ ማውራት አልወድም። የግድ ከሆነ ግን ቆቦ ውስጥ ተበላሽቶ እኔ እጅ ያልገባ ዕቃ የለም። ሬዲዮ በሉ፣ ስልክ በሉ፣ ፍሪጅ በሉ፣ የሽንኩርት ገበሬዎቹ ውሃ መሳቢያ ሞተር በሉ። ማን አስተማረህ ካላችሁኝ ማንም። አንዱን ስፈታ ሌላውን ተማርኩ። የፈታሁትን ሁሉ መልሼ ገጥሜዋለሁ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ምቀኛ ነው።

ሙሄ የሚባል የልጅነት ጓደኛ አለኝ፤ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። እምቢ ማለት አልፈጠረበትም። ጅቡቲ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ሊዘጋ ሲል፣ ለጌጥ የተቀመጠውን የዓሣ መስታወት ከነዓሣዎቹ፣ ከነአየር መንፊያ ሞተሩ፣ ከነመብራቱ «ውሰድልን» ይሉታል። ተሸክሞት መጣ። ዓሣዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዷ ተለቅ ትላለች፣ አንዷ ትንሽ ናት። መልካቸው የበሰለ ብርቱካን፣ ወገባቸው ላይ ነጭ መቀነት የታጠቁ።

«ለምን እኔ ጋ አመጣኸው?» አልኩት።

«ሚስቴ ቤት አላስገባም አለቻ። ያንተዋ ደግሞ አንተን ችላ የኖረች፣ ዓሣ ያቅታታል?»

ባለቤቴ ዘውዲቱ ወጥታ አየች፤ መስታወቱን ዞረችው። «በሉ እንግዲህ፣ ዘይት ላሙቅ?» ብላ ገባች። እኔም ነገር ሳይበላሽ ወደ ሱቄ ወሰድኩት።

እነዚህ ዓሦች የሐይቅ ዓሦች አይደሉም፤ የጨው ባሕር ፍጥረት ናቸው። በቧንቧ ውሃ ብቻ ውለው አያድሩም። ለዚሁ ብሎ ፋብሪካ ባሕር አስመስሎ የሚሠራው ጨው አለ፤ አንድ ከረጢት አብሮ መጥቶ ነበር። የቧንቧ ውሃ ላይ ትበጠብጡታላችሁ፣ ባሕር ይሆናል። ዓሣዋም ባሕር ውስጥ ያለች እየመሰላት ትኖራለች። ሰው ስንት ነገር እየመሰለው ይኖር የለ?

ወሬው ጎብዬና ሮቢት ደረሰ። በገበያ ቀን ሱቄ በር ላይ ግመል ነጂው ሳይቀር ይሰለፋል። አንድ የቆላ ሰውዬ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ረጅም ጊዜ አያቸውና፣

«ይበላል?» አለኝ።

«አይበላም።»

«እና ይታለባል?»

ምን እላለሁ? አይታለብም አልኩት። «እግዜር ያጥናህ» ብሎኝ ሄደ።

ከሁሉም የማይቀሩት ግን ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ ናቸው። ሐጂ በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከሙ ኖረዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር፤ ከመስጊድ ሌላ የሚሄዱበት የለም፣ እህል ከአፋቸው አይደርስም። ዓሦቹ ከመጡ በኋላ ግን በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይመጣሉ። ከመስታወቱ ፊት ይቀመጣሉ። ብዙ አያወሩም። እኔ ለሁለት ሰው የሚሆን አወራላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ልጃቸው ዘሐራ በሱቄ ስታልፍ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ አባቴ ለምን ምሳ እንደሚበላ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ርቦት ነዋ።»

«አይደለም። 'ብላና ዓሣህን ሂድ እይ' ስለምለው ነው። ያረቢ፣ አደራህን እንዳይሞቱብህ።»

ይኼ አደራ ነው ያደከመኝ። እስከዚያ ቀን ዓሣ ነበር የያዝኩት፤ ከዚያ በኋላ የሐጂን ምሳ ነው የያዝኩት።

እና ምን ሆነ? የቆቦ ፀሐይ ሆነ። ዛሬ ሙሉ የነበረ መስታወት በሳምንቱ ይጎድላል፤ ውሃው ይተንናላ። እኔ ብልሁ፣ የጎደለውን በጨው ውሃ እሞላለሁ። ደግሞ ይጎድላል፣ ደግሞ በጨው እሞላለሁ። የሚተንነው ውሃው እንጂ ጨው ክንፍ አውጥቶ እንደማይበር የገባኝ ዓሦቹ ወደ ቋንጣነት ሊለወጡ ትንሽ ሲቀራቸው ነው። ለካ የሚጨመረው ባዶ ውሃ ብቻ ኖሯል። ይኼ ሲገባኝ ከረጢቱ አልቋል።

እንዲህ ያለ ጨው ደግሞ ከየት ይምጣ? ወልድያ ጠየቅሁ፣ ደሴ ጠየቅሁ፤ «የወጥ ነው የከብት?» ይሉኛል። ቆይ፣ የአፍዴራ ጨውስ? እሱም ከጨው ሐይቅ አይደል የሚወጣው? ብዬ ሳስብ ሐጂ ከወንበራቸው ዘወር ብለው አዩኝ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፤ ሽበቴን አልቆጠሩልኝም። «ወጥ ልትሠራ ነው?»

ተውኩት።

ከዚያ ስልኬ ላይ ገባሁ። አንድ ፈረንጅ ቪዲዮ ላይ «የፋብሪካ ጨው ለምን? የተፈጥሮ ባሕር እያለልህ» የሚል መሰለኝ። ባሕሩን ከወደብ ርቀህ፣ ዘይትና ቆሻሻ ከሌለበት ቅዳ፤ በጨርቅ አጥልለው፤ ከድነህ ጨለማ ቦታ አሳርፈው፤ ከመጠቀምህ በፊት አየር ንፋበት። ከዚያ በኋላ ዋናውን ነገር ሊናገር ሲል ኔትወርኩ ጠፋ። ሁልጊዜ ዋናው ላይ ነው የሚጠፋው። የቀረውን በራሴ ሞላሁት።

ሙሄ ጋ ደወልኩ።

«ባሕር አምጣልኝ።»

«ምን?»

«ባሕር። በጀሪካን።»

«አንተ ደህና ነህ? ዘውዲቱ አለች? እስቲ አገናኘኝ።»

እንዳልኳችሁ እምቢ አያውቅም፤ አመጣ። የመጀመሪያው ጀሪካን ሲከፈት ሱቁ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተ። ከመርከብ ሥር ቀድቶት ኖሯል። ይኼን እንኳን ዓሣ ሎንቺናም አይጠጣው። መልሼ ላክሁት። ለሁለተኛው ትንሽ ጀልባ ለምኖ ወደ ጥልቁ ገብቶ ቀዳልኝ፤ ሲመለስ ሆዱ እስኪገለበጥ አስመልሶታል። እያንዳንዱን ጀሪካን ሲያወርድ ስሜን እየጠራ ይረግመኛል።

ደግሞ ኬላው አለ። ፈታሹ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ ሲያይ ኮንትሮባንድ ቤንዚን ያዝኩ ብሎ ደስ ብሎታል።

«ምንድን ነው?»

«ባሕር ነው፣ ወንድምዓለም።»

«በእኔ ትቀልዳለህ?»

«ቅመሰው እስቲ።»

«አንተ ቅመሰው!»

ምስኪኑ ሙሄ ከየጀሪካኑ ቀምሷል። ቆቦ ሲደርስ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ እንደ ግንቦት እርሻ መሬት ሆኖ ነበር። ሰላም ሳይለኝ «ውሃ!» አለኝ።

«ይኸው አይደል የያዝከው?» ስለው የመኪናውን ቁልፍ ወረወረብኝ።

እኔ እንግዲህ ሥራዬን በጥራት ነው። ጨውነቱን ልለካ ብዬ በብርጭቆ ይዤ ጋራዥ ሄድኩ፤ መካኒኩ ካሳ የባትሪ አሲድ መለኪያ አለው። ነከረው፣ ወደ ብርሃን አቅንቶ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ይኼ ባትሪ ሞቷል» አለኝ።

ባሕሩ ሞቷል ማለት ነው? ወደ ምላሴ ተመለስኩ። ምላሴ በዚያ ሁሉ ወር የጨው መሐንዲስ ሆኗል፤ ልክ ነው አለኝ።

ሐጂ የዚያን ቀን መጥተው ጀሪካኖቹን አዩ። «አንዱን ክፈተው እስቲ» አሉ። ከፈትኩላቸው። ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን አፉ ላይ አደረጉ። ቆዩ። እኔ አንድ ቀልድ አሰናድቼ ነበር፤ ፊታቸውን ሳየው ዋጥኩት። ቀና ሲሉ፣

«ክደነው፤ ይበርዳል» አሉኝ። ባሕር ይበርዳል?

ውሃውን በዘውዲቱ አዲስ ነጠላ አጠለልኩት (እሷ ይኼን አሁን ገና ከሰማች፣ ይቅር በይኝ)። ከዚያ ጀሪካኖቹን ከቤቴ ጓሮ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር ደርድሬ ጆንያ አለበስኳቸው። ይረፉ። ምልክት አላደረግሁባቸውም። «ባሕር» ብዬ ብጽፍስ ማን ያምናል?

ዓሦቹ ግን ጊዜ አልነበራቸውም። የድሮው ውሃቸው አርጅቷል። ትልቋ ወደ ላይ ወጥታ አፏን ትከፍታለች፣ ትንሿ ሞተሩ ሥር ተጋድማለች። «ነገ ውሃቸውን እቀይራለሁ» አልኳቸው ለሐጂ። ዘሐራ በማግሥቱ ጠዋት ሱቄ መጥታ አባቷ ቁርስ እንዳልነካ ነገረችኝ።

በዚያው ጠዋት የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። አያ ፈንታው ሞቱ፤ የሰፈራችን ትልቅ ሰው።

እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ውሃ አይለመንም፤ ይወሰዳል። ልቅሶ ቤት ድንኳን ሲጣል የእድሩ ጎረምሶች ጋሪ ይዘው በየግቢው ይዞራሉ፤ የሞላ ጀሪካን ካዩ ጭነው ይሄዳሉ። «ውሃህን ልውሰድ?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ አሳዳጊ ያጣ ነው፤ «አይ፣ ይቅርብኝ» የሚል ካለ ደግሞ ሲሞት የሚቀብረው የለም። ዘውዲቱ ገና ጥሩንባውን ስትሰማ ወደዚያው ሮጣለች። እኔ ሱቅ ነኝ። ጎረምሶቹ ጓሮዬ ገቡ። እንደዚያ በጆንያ ተሸፍኖ፣ በጥላ ተቀምጦ የተሰናዳ ውሃ በሕይወታቸው አላዩም። ጠራርገው ወሰዱት።

እኔ ሱቄን ዘግቼ ልቅሶ ቤት ስደርስ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሞላ ከድንኳኑ በር ተቀበሉኝ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እግዜር ይስጥህ! የዛሬው ውሃ ያንተ ነው። እንዲህ ነው እንጂ ሰው።»

የቱ ውሃ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ሰው ሲያመሰግነኝ ግን ምክንያቱን መጠየቅ አልለመድኩም። «ምን አደረግሁ፣ ጋሼ፤ ወጉ ነው» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ከሐጂ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ሻይ መጣ።

ፉት አልኩ።

ጅቡቲ ናት።

ምላሴ ላይ ስታርፍ አወቅኋት። ቀና ብዬ ሰዉን አየሁ። ልቅሶ ቤት የቀረበ ነገር አይነቀፍም፤ ይኼንንም ታውቃላችሁ። ጨው በዛ፣ ሽሮው ቀጠነ አይባልም። ስለዚህ ድንኳን ሙሉ ሰው ፉት ይላል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይውጣል፣ መሬት መሬት ያያል።

ከአጠገቤ ያለው ሰው ጎኑ ላለው በሹክሹክታ፣ «ስኳር መስሏቸው ጨው ጨምረው ይሆን?» አለው።

«ዝም ብለህ ጠጣ። እንባቸው ገብቶበት ነው።»

አንድ ከሮቢት የመጣ ዘመድ «ለነፍሱ» ብሎ ሌላ አስቀዳ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

በጓሮ በኩል ወደ ምግብ ማብሰያው ሄድኩ። የማብሰያው አዛዥ እትዬ አልጋነሽ ናቸው፤ ጭልፋ ይዘው ሴቶቹን ያርበደብዳሉ። «የትኛዋ ናት ሁለቴ ጨው የጨመረች? ጨምሩበት ውሃ! ይቅጠን!» ሴቶቹ ከበርሜሉ እየቀዱ ይጨምራሉ። በርሜሉ ውስጥ ያለው ግማሹ የሰፈሩ ውሃ ነው፤ ግማሹ የእኔ። በጨመሩ ቁጥር ሽሮው ይጨምራል፣ ጨውም ይጨምራል። «አሁንም ይቅጠን!» ይላሉ እትዬ። ንፍሮውማ በዚያው ውሃ ሲንተከተክ ነው የዋለው። አንዷ ሴት ቀምሳ ዓይኗን ከድና ስለ አያ ፈንታው አለቀሰች መሰለኝ፤ ወይ ስለ ንፍሮው።

ዓይኔ የሚፈልገው ሌላ ነው። አገኘሁት። አንድ ጀሪካን ቀርቷል፤ ገና አልተከፈተም። እትዬ አልጋነሽ እጀታውን ጨብጠው ወደ በርሜሉ ሊያዘነብሉት ነው።

ዘልዬ ያዝኩት።

«ልቀቅ!» አሉ።

«እትዬ፣ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ።»

«ለምንህ?»

«ልወስዳት ነው።»

ጭልፋው ቆመ። ሴቶቹ ቆሙ። «ከልቅሶ ቤት ውሃ ሊወስድ!» የሚል ድምፅ ከማብሰያው ወደ ድንኳኑ ሄደ፤ ከድንኳኑ ሰው ይዞ ተመለሰ። ጋሽ ሞላ ከፊት ናቸው። ቅድም የጨበጡኝ እጆቻቸው ወገባቸው ላይ ነበሩ።

«ሰጥተህ ልትቀማ ነው?»

እንግዲህ ምን ልበል? ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ባለቤቴም ከሴቶቹ መሀል ሆና እያየችኝ ነው፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። እውነቱን ተናገርኩ።

«ይኼ ውሃ... ባሕር ነው። ከጅቡቲ ነው የመጣው። ሻዩም ባሕር ነው። ሽሮውም ባሕር ነው።»

ማንም አልሳቀም። ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ የሚስቅ ሕዝብ፣ እውነት ስናገር አዘነልኝ።

«ሐዘኑ ነው» አለ አንዱ። «ፈንታውን ይወደው ነበር።»

«ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።»

የዚህን ጊዜ ሐጂ ሰይድ ብርጭቆአቸውን እንደያዙ ከሰዉ ኋላ መጡ። ብርጭቆው ባዶ ነው።

«እውነቱን ነው» አሉ። «ባሕር ነው። እኔ ከመጀመሪያው ጉንጭ አውቄዋለሁ።»

ጋሽ ሞላ ዞሩባቸው። «ሐጂ! ካወቁ ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«እስክጨርስ ነዋ» አሉ ሐጂ።

ከዚያ ከሐዘንተኞቹ በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ። ልቅሶ ነው ሳቅ ነው ለመለየት ጊዜ ወሰደብን። የአያ ፈንታው ባለቤት ናቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው ይነቀነቃል።

«ፈንታውዬ» አሉ፣ «'ባሕር ሳላይ ልሞት ነው' እንዳልክ ኖረህ... ይኸው ቤትህ ድረስ መጣልህ!» ደግሞ ሳቁ፣ ደግሞ አለቀሱ። «ስጡት ሰውየውን። ስጡት ይሂድ።»

እትዬ አልጋነሽ እጀታውን ለቀቁ። ጋሽ ሞላ ግን ዳኛ ናቸው፤ ያለ ፍርድ አይለቁም። «ውሰድ። ድንኳኑ እስኪነሣ ግን የዚህ ቤት ውሃ አንተው ትከሻ ላይ ነው። እየቀመስክ ታመጣለህ።»

ከሐጂ ጋር ባጃጅ ውስጥ ገባን፤ ጀሪካኑን መሀላችን እንደ ሕፃን አስቀመጥነው። በየጉድጓዱ ሐጂ በእጃቸው ይደግፉታል። ሱቁን ስከፍት መብራት የለም፤ ሞተሩ ቆሟል። ትንሿ ከአሸዋው ላይ በጎኗ ተኝታለች። አለቀላት። ትልቋ ጥግ ላይ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

የድሮውን ውሃ ቀንሼ አዲሱን ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። አየር የሚነፋ ነገር ስለሌለ ሐጂ ኩባያ አንሥተው ውሃውን እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሱት ጀመር። «አሰብ ማዕበሉ እንዲህ ነው» አሉኝ። እጃቸው ሲዝል እኔ ተቀበልኩ። የእኔ ሲዝል እሳቸው። አንድም ቀልድ አልመጣልኝም፤ ብፈልግም አላገኘሁም። መብራቱ ሲመጣ ሁለታችንም እጅጌአችን እስከ ክርናችን ጨው ሆኖ ነጥቷል።

ሐጂ ትንሿን በመዳፋቸው አወጧት። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። «ለዓሣም ይባላል እንዴ ሐጂ?» ብዬ ልጠይቅ አስቤ ተውኩት። ከሱቄ ጀርባ ካለው ፓፓዬ ሥር ቀበርናት። ስንመለስ ትልቋ ከጥጓ ወጥታ መሀል ላይ ነበረች። ሐጂ አዩዋት። ቀና ብለው «ዘሐራ ምሳ አስቀምጣ ይሆን?» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ጀሪካን ተሸክሜ ወደ ልቅሶ ቤት። ድንኳኑ እስኪነሣ ተሸከምኩ። ወገቤ ያኔ የሄደ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሙሄ አሁንም በመጣ ቁጥር ባሕር ያመጣል፣ ከንፈሩን ያሳየኛል፣ ይረግመኛል። የእድሩ ጎረምሶች ጓሮዬ ሲገቡ ጀሪካኑን ሁሉ ከፍተው እያሸተቱ ነው። ዘውዲቱ ወጥ ላይ ጨው መጨመር ትታለች፤ «አንተ ጣትህን ንከርበት» ትለኛለች። ይኼ ሁሉ መዳፍ ለማትሞላ ፍጥረት ነው። ደክሞኛል። እቀጥላለሁ እንጂ ምን አደርጋለሁ?

እንግዲህ አላምንም ያለ ቆቦ ይምጣ። ጋሽ ሞላን ይጠይቅ፤ አይወዱትም ግን አይዋሹም። እትዬ አልጋነሽን ከጠየቀ ከጭልፋው ራቅ ብሎ ይቁም። ከሁሉም ከሁሉም ሐጂ ሰይድን ይጠይቅ። ከምሳ በኋላ ሱቄ ነው የሚገኙት፤ ምሳቸውን በልተው ነው የሚመጡት። ሲመጣ ግን መቀመጫ እንዳይጠይቀኝ። ያለችኝ ወንበር አንዲት ናት፤ እሷን ደግሞ እሳቸው ይዘዋታል።